የሰማይዋ ላም ባለቤቶች

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ላንቻ ባቡር ጣቢያ ወርዶ ቀና ለሚል ሰው ሰማዩ ብዙ የሚያሳየው ነገር የለም። ከታች የደብረ ዘይት መንገድ በመኪና መብራት ይንቀለቀላል፤ ከፎቆቹ አናት ላይ የተሰቀሉት የማስታወቂያ ሰሌዳዎች አየሩን ቀለም ቀብተውታል። ጨረቃ ካለች ጨረቃ ትታያለች። ወቅቱ ከሆነ ቬነስ ወይም ጁፒተር ጎላ ብለው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ በጣት የሚቆጠሩ ከዋክብት ናቸው፤ ፍኖተ ሐሊብ ጨርሶ የለም። እዚህ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ልጅ፣ አያቱ ገጠር በየማታው ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ታየው የነበረውን ሰማይ አንድ ቀን እንኳ ሳያይ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊደርስ ይችላል።

ከላንቻ ተነስቶ ከተማዋን ወደ ሰሜን ሰንጥቆ የሄደ ሰው በመጨረሻ የሚወጣው እንጦጦ ላይ ነው። እዚያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሁለት ክብ ጣሪያዎች ቆመዋል። በየሆዳቸው አንድ አንድ ቴሌስኮፕ አለ፤ የእያንዳንዱ መስታወት ስፋት አንድ ሜትር ነው። ለጎብኚ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ስለ መስታወቱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን እዚያ ያደረሳቸው ማን መሆኑ ነው። ሐሳቡን አንስቶ ዓመታት የለፋበት መሥሪያ ቤት ሳይሆን ማኅበር ነው፤ አባል የሚመዘግብ፣ ስብሰባ የሚጠራ፣ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር።

የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። መሥራቾቹ 47 ነበሩ። አገራችን ለእንዲህ ዓይነት ሰው የምትወረውረው ተረት አስቀድማ አዘጋጅታለች፤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ»። እነሱንም «እብዶች» ያላቸው ሰው አልጠፋም። የመንግሥት ሰዎችም ቢሆኑ መጀመሪያ ላይ ጉዳዩን በቁም ነገር አልወሰዱትም፤ ሕዝብህን ሳታበላ ሰማይ ለምን ታያለህ የሚለው ጥያቄ በየቢሮው ይጠብቃቸው ነበር።

ጥያቄውን እንደ ድንቁርና ቆጥሮ ማለፍ ይቀላል፤ ተገቢ ግን አይመስለኝም። በ2008 ዓ.ም. የእንጦጦው ማዕከል ስም በዓለም ጋዜጦች ላይ ገና መውጣት በጀመረበት ሰሞን፣ በኤልኒኞ ምክንያት በደረሰው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው የዕለት እርዳታ ጠባቂ ሆኖ ነበር። እናት ልጇን ተሸክማ እህል በምትጠብቅበት አገር ሦስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለሁለት ቴሌስኮፕ ወጣ ሲባል የሰማ ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም። ገንዘቡ ከመንግሥት ካዝና የወጣ አልነበረም፤ ባለሀብቱ ሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ የሰጡት ነው። ይህ ቁጣውን ያበርደዋል እንጂ ጥያቄውን አይመልሰውም።

መልሱን ማኅበሩ የፈለገው በሁለት አቅጣጫ ነው። አንዱ ቀጥተኛ ጥቅም ነው። ያንን ድርቅ አስቀድሞ የጠቆመው ራሱ ከሰማይ የሚደረግ ክትትል ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ያለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ የኛ ክረምት እንደሚሳሳ የሚታወቀው ባሕሩን ሌት ተቀን በሚለኩ ሳተላይቶችና ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ነው። እርሻውንም እንዲሁ። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን የብርሃን ክፍል ይመጥጣል፤ ዓይናችን የማያየውን፣ ከቀዩ አለፍ ብሎ ያለውን ደግሞ ወደ ሰማይ መልሶ ይረጨዋል። ውኃ የጠማው ቅጠል ይህን ማድረግ ያቅተዋል። ስለዚህ ሁለቱን ብርሃኖች ለይቶ የሚለካ ካሜራ የተሸከመች ሳተላይት በአንድ ወረዳ ያለው ማሽላ ለዓይን መጠውለጉ ሳይታወቅ ችግር ላይ መሆኑን ታያለች። ችግሩን ማየትና ለቸገረው ሰው እህል ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ግን መዘንጋት የለበትም፤ ሁለተኛው የሳተላይት ሥራ አይደለም።

ሌላው መልስ ልጆቹ ናቸው። የማኅበሩ ሰዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ ደጋግመው የሚሉት ዋናው ዓላማ ወጣቱን ወደ ሳይንስ መሳብ ነው የሚል ነው። እኔም ማኅበሩን የምመዝነው በዚህ ነው።

ማኅበሩ የተወለደበትን ጊዜ ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው ከ«ፕላዝማ» ጋር የተዋወቀው በዚያው እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ ነው። ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ኬሚስትሪውም በሳተላይት ተሠራጭቶ ከክፍሉ ፊት ለፊት በተሰቀለ ቴሌቪዥን ይመጣ ጀመር። የዚያን ዘመን ተማሪ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይታገሣል፣ ከዚያ ማንም ባይመልስለትም «በጣም ጥሩ» ብሎ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። የክፍሉ መምህር ዳር ቆሞ ያያል። መብራት ከጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። ኋላ ደግሞ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ከመቶ ሰባው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲያጠና ተወሰነ። ቁጥሩ ከላይ ተተመነ፤ ከታች ግን የቤተ ሙከራው በር እንደተቆለፈ ነበር።

ልጅ ጥያቄ ጠይቆ መልስ እስኪያገኝ የሚታገሠው ቦታ የሚያስፈልገው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። የስፔስ ክበብ ያደረገው ይህንን ነው። ማኅበሩ በየትምህርት ቤቱ ክበብ አቋቋመ፤ በየክልሉ ቅርንጫፍ ከፈተ። ክበብ ማለት ከክፍል በኋላ የሚቀሩ ጥቂት ልጆችና አንድ ፈቃደኛ መምህር ማለት ነው። ነጥብ የለበትም፣ ፈተናም አይመጣበትም። ጨረቃ ለምን ፊቷን አታዞርም፣ ሮኬት አየር በሌለበት ምኑን ገፍቶ ይሄዳል፣ ኮከብ ለምን ብልጭ ድርግም ይላል፤ እነዚህ ለማትሪክ የማይጠቅሙ ጥያቄዎች ናቸው። ልጁን ወደ ፊዚክስ የሚያስገቡት ግን እነሱ ናቸው።

የክበቦቹ ትልቁ ድግስ የዓለም የስፔስ ሳምንት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሳምንቱን የቆረጠው በሁለት ቀኖች መካከል ነው፤ አንደኛው ስፑትኒክ የመጠቀችበት ጥቅምት 4 ቀን 1957፣ ሌላኛው የሕዋ ስምምነት የጸናበት ጥቅምት 10 ቀን 1967፣ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር። ወደኛ ሲመጣ ከመስከረም 24 እስከ 30 ይውላል። የመስቀል ደመራ ከተቃጠለ በሳምንቱ፣ ዝናቡ ሲያባራና ሰማዩ ሲጠራ፣ ትምህርት ቤት በተከፈተ ማግስት። የፈረንጆቹ ኮሚቴ ለእኛ ብሎ ባያስበውም ከዚህ የተሻለ ሳምንት ልንመርጥ አንችልም ነበር።

ስለ ግርዶሹም ልናገር። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ በምዕራብ ኢትዮጵያ ገብቶ በጎጃምና በላስታ በኩል አለፈ። ላሊበላ ላይ ጨረቃ ፀሐይን መሐል ለመሐል ገብታባት ዙሪያዋ ብቻ እንደ ወርቅ ቀለበት ቀረ። አዲስ አበባ የደረሰው ከፊሉ ነው፤ ፀሐይ ሁለት ሰዓት ገደማ ላይ ማጭድ መሰለች። ላንቻ ስሙን ያገኘው ከጣልያኑ ላንቻ መኪና ነው ይባላል፤ ጋራዥ አሁንም አልጠፋበትም። ያን ዕለት ጠዋት ታዲያ የአንድ ጋራዥ በያጅ የብየዳ ጭምብሉን ይዞ ደጃፍ ወጥቶ፣ የሰፈሩ ልጅ ተሰልፎ በየተራ በዚያ መስታወት ፀሐይን ያይ ነበር። የኮሮና ወቅት ነው፤ አንድ ጭምብል ከፊት ወደ ፊት ሲዞር የጤና ባለሙያ አለማለፉ ደግ ሆነ።

መስታወቱ ላይ ግን አንድ ነገር ነበር። የብየዳ መስታወት ቁጥር አለው፤ ጥግ ላይ ታትሟል። ለፀሐይ የሚሆነው 14 ቁጥር ነው፣ ቢያንስ 12። ጋራዥ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ከዚያ ያነሰው ነው፤ በእሱ ፀሐይን ማየት ዓይንን ያቃጥላል፣ በተለይ ሕመም ስለማይሰማ ሰው ጉዳቱን የሚያውቀው በማግሥቱ ነው። ተራ ከሚጠብቁት መካከል አንዲት የአሥራ አራት ወይ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ለበያጁ «ጋሼ፣ ቁጥሩ ስንት ነው?» አለችው። አያት፤ አገላብጦ አየ። አሥራ አንድ ነው። ሰልፉ አጉረመረመ። ልጅቱ ግን አልተወችም፤ ከአንድ ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ጫፍ ቀዳዳ በስታ፣ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ፣ የቀዳዳውን ብርሃን ወረቀት ላይ ጣለችው። ወረቀቱ ላይ ትንሽ ማጭድ ወጣች። «ክበብ ላይ ነው የተማርነው» አለች። ከዚያ በኋላ ሰልፉ ወደ ካርቶኑ ዞረ፤ በያጁም ራሱ። ከጎኑ የቆመችው ዛፍ ሥርም በቅጠሎቹ መሐል የሾለከው ብርሃን አስፋልቱ ላይ መቶ ማጭድ ሆኖ ተበትኖ እንደነበር ያየነው እሷ ስታሳየን ነው። አንድ ክበብ ለአንድ ሰፈር የሚያደርገውን ነገር ከዚህ በተሻለ ያየሁበት ጊዜ የለም።

ሳይንሱ አገሩ ውስጥ ከባዶ የተነሳ አይደለም። አራት ኪሎ፣ የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ ውስጥ፣ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተመሠረተው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 እና 58 አካባቢ ነው። መሥራቹ ፒየር ጉዋን የሚባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን አባት ናቸው፤ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የጻፉት እሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ የቀረበች በመሆኗ የዚህ ከተማ መለኪያ ለዓለም ያስፈልግ ነበር። ከዚያም በፊት የበዓላት ቀን የሚሰላበት ባሕረ ሐሳብ አለ፤ መጽሐፈ ሄኖክም ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፣ ፀሐይ የምትወጣባቸውንና የምትገባባቸውን በሮች የሚቆጥረው ክፍል ጭምር። ይህን የምጠቅሰው ከአንድ ፍርሃት ጋር ነው። «አባቶቻችን ሁሉን ያውቁ ነበር» የሚለው ንግግር መድረክ ላይ ያስጨበጭባል፤ ያጨበጨበው ሰው ግን ወደ ቤቱ የሚሄደው በዓል ለምን በየዓመቱ ቀን እንደሚቀያይር ማስላት ሳይችል ነው። ባሕረ ሐሳብን እንደ ዋንጫ ከመደርደር እንደ ሒሳብ ለልጅ ማስተማር ይሻላል። ለስፔስ ክበብ ጥሩ ርዕስ ይሆናል።

ወደ እንጦጦ ልመለስ። ቦታው የተመረጠው ለምንድን ነው? ከፍታው አንዱ ነው፤ ከፍ ባሉ ቁጥር ከላይ የሚቀረው አየር ይሳሳል፣ የኮከቡ ብርሃንም ያነሰ ይንቀጠቀጣል። ሌላው አገሩ የተቀመጠበት መስመር ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ላይ ስለሆነች የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ከሞላ ጎደል ይታያታል። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ከፍ የሚለው ዘጠኝ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ከላንቻ ለሚያይ ሰው ከእንጦጦ ሸንተረር ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ይቆማል። ፊቱን ወደ ደቡብ ካዞረ ደግሞ በወቅቱ የደቡብ መስቀልን ያገኛል። ስቶክሆልም ላይ ያለ ሰው የኋለኛውን፣ ኬፕታውን ያለው የፊተኛውን ዕድሜውን ሙሉ ከአገሩ ሳይወጣ አያየውም።

ጉድለቱም በዚያው ልክ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም እንጦጦ በጉም የተሸፈነ ነው፤ ክረምት ሙሉ ጣሪያው አይከፈትም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሥሩ ደግሞ የሚሊዮኖች ከተማ ብርሃኗን ወደ ላይ ትለቃለች፤ በየዓመቱም ትጨምራለች። በዚህ ምክንያት ሁለተኛ፣ የበለጠ አቅም ያለው ኦብዘርቫቶሪ ከከተማ መብራት ርቀው በሚገኙት የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ላይ ለመገንባት ታስቦ ጥናት ሲደረግ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ ጦርነት መጣ። ላሊበላ በ2013 እና 2014 ዓ.ም. ከእጅ ወደ እጅ ስትቀያየር፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህም የአማራ ክልል በሌላ ግጭት ሲታመስ፣ ተራራ ላይ መስታወት ስለመትከል ማውራት ቅንጦት ሆነ።

እንጦጦ ላይ የሚማሩት የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች ቁጥራቸው ብዙ አይደለም፤ ሥራቸው ግን ተራራው ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ዛሬ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሌሊቱን በሙሉ ቴሌስኮፕ ሥር አይቆምም። በአሜሪካ፣ በቺሊ፣ በካናሪ ደሴቶች ያሉ ትልልቅ ቴሌስኮፖች ሰማዩን ጠርገው ይሰበስቡና ውጤቱን ለዓለም በነፃ ይለቁታል። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ካለው ማንም ያልመረመረውን ጋላክሲ ከዚያ መዝገብ አውጥቶ ሊያጠና ይችላል። ከግርዶሹ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ ከእነዚህ ተማሪዎች ምን እንደተወሰደ ያሰበ ሰው ብዙ አልነበረም።

ከእንጦጦ ጋር ስማቸው ከሚነሳ ሰዎች ጥቂቶቹን ልጥቀስ። ማዕከሉን፣ ኋላም መንግሥት ያቋቋመውን የስፔስ ኢንስቲትዩት የመሩት ዶ/ር ሰሎሞን በላይ አሉ። አቶ ተፈራ ዋልዋ አሉ፤ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የአቅም ግንባታ ሚኒስትር የነበሩ፣ ኋላ የማኅበሩ መሪ የሆኑ። እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር፤ በአገራችን የአባላት መዋጮ ብቻውን ተራራ ላይ መንገድ አያስወጣም። የትኛው ቢሮ የቱን ፊርማ እንደሚጠብቅ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ማኅበሩ ይህን ገና በጠዋቱ ተረድቶታል። ሰርቢያዊቷ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዶ/ር ሚርያና ፖቪችም አሉ። አዲስ አበባ ተቀምጠው አስተማሩ፣ የሴቶች ልጆችን የሳይንስ ፍላጎት የሚያነቃቃ ሥራ ሠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ቤተሰብ የሚሰጠውን ሽልማት አገኙ። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የምሥራቅ አፍሪካ ጽሕፈት ቤቱን ያደረገውም ኢትዮጵያ ነው።

ይኸው ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለእያንዳንዱ አገር አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጠ። ውጤቱ ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን የኢትዮጵያ ኮከብ «ቡና»፣ ዙሪያውን የሚዞረው ፕላኔት «አቦል» ተብሎ ወጣ። ኮከቡ የሚገኘው በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ነው፤ በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፣ ዕጣው እንዲህ መውደቁ ያስቃል። ከእኛ ያለው ርቀት 196 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው፤ ዛሬ ማታ ምድር የሚደርሰው የቡና ብርሃን ጉዞውን የጀመረው በዘመነ መሳፍንት፣ አፄ ቴዎድሮስ ገና ልጅ ካሳ ሳሉ ነው። አቦል ከጁፒተር አራት እጥፍ በላይ የከበደ ሲሆን አንድ ዙር ለመጨረስ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይወስድበታል። አቦል ብቻ ነው የተገኘው፤ ቶናና በረካ ካሉ ገና አልተቀዱም።

በሦስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 10፣ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ታይዩዋን ማምጠቂያ ተነሳች። ክብደቷ 72 ኪሎ፤ ከስምንት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጪዋ ስድስቱን የሸፈነችው ቻይና ናት። መቀበያ ጣቢያው እንጦጦ ላይ ነው። እላይ ያልኩትን የቅጠል ብርሃን እንድትለካ የተላከችው እሷ ናት። ከዓመት በኋላ ሁለተኛዋ ተከተለች።

እንግዲህ የነገሩ ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ማኅበር፣ ከዚያ ማዕከል፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2016 የመንግሥት ኢንስቲትዩት፣ ከዚያ ሳተላይት። በኢትዮጵያ የለመድነው ግልባጩን ነው፤ መንግሥት ቢሮ ያቋቁማል፣ ቢሮው ማኅበር ያደራጃል፣ ማኅበሩ አባላቱን ለስብሰባ ይጠራል። እዚህ ዜጎች ቀድመው ሄዱና መንግሥት ተከተላቸው። ይህ ራሱ ከቴሌስኮፖቹ የማይተናነስ ሥራ ነው።

ሥጋቴም ከዚሁ ይነሳል። ኢንስቲትዩቱ በጀት አለው፣ ሠራተኛ አለው፣ በኋላም ከመንግሥት የጂኦስፓሻል ተቋም ጋር ተዋሕዶ ሰፍቷል። ሳተላይት ማዘዝ፣ ምሁር መቅጠር፣ ስምምነት መፈራረም ይችላል። ከክፍል በኋላ አሥር ልጆችን ይዞ የሚቀር መምህር ግን በደብዳቤ አይሾምም፤ የሚገኘው በማኅበር ነው። ስኬቱ ራሱ ሰዎችን «አሁን መንግሥት ይዞታል» አሰኝቶ ከአባልነት እንዳያሸሽ እፈራለሁ። ችግሩ ደግሞ ከታች አልተነቀለም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,161 ደረሱ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ፈተናው ጠበቀ፣ ኩረጃ ቀረ ይባላል፤ እውነት ነው። የቀረው ኩረጃ ከሥሩ ያጋለጠው ግን ለዓመታት በጥያቄ ያልተፈተነ ትምህርትን ነው።

በዚህ መስክ ማኅበሩ ብቻውን አይደለም። አሜሪካዊው ማርክ ጌልፋንድ የጀመሩት ስቴምፓወር ቢሾፍቱ ፎቃ ላይ ካቋቋመው ማዕከል ተነስቶ በየዩኒቨርሲቲው ልጆች በእጃቸው የሚሠሩባቸው ማዕከላት እንዲከፈቱ አድርጓል። ጉለሌ፣ በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ቤት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ ተቀምጧል። አንዱ ለልጆች ብየዳና ኤሌክትሮኒክስ ያስተምራል፣ ሌላው ምሁራንን ያሰባስባል። ሁለቱን የሚያገናኘው፣ ከላንቻዋ ተማሪ እስከ እንጦጦው ዶክተር የተዘረጋው መሰላል ግን የስፔስ ማኅበሩ ዓይነት አባልነት ነው።

ለዚህ ማኅበር አንድ ቀን ቆርጬለታለሁ፤ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ሰኞ። ያን ዕለት ከክፍለ ዘመኑ ረጃጅም ሙሉ የፀሐይ ግርዶሾች አንዱ ከአትላንቲክ ተነስቶ በስፔን፣ በሰሜን አፍሪካ፣ በግብፅ፣ በሳዑዲና በየመን አልፎ ሶማሊያ ጫፍ ይደርሳል። ኢትዮጵያ ውስጥ በከፊል ይታያል፣ ደመናው ከፈቀደ። ሐምሌ ነውና ምናልባት አይፈቅድም። ትምህርት ቤትም ዝግ ነው፤ ክበቦቹ ተበትነው፣ ልጆቹ ወይ ዘመድ ጋር ገጠር፣ ወይ ቤት ናቸው። መምህራኑ ደመወዝ እንጂ የክረምት ሥራ የላቸውም። ልጆቹን ከወዲሁ በስም መዝግቦ፣ በየሰፈሩ አንድ ካርቶን የሚበሳና የመስታወት ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። የኢንስቲትዩቱ ዕቅድ ውስጥ ሊገባ ይችል ይሆናል። የማኅበሩ አጀንዳ ውስጥ ካልገባ ግን አባላቱ ለምን እንዳልገባ በጠቅላላ ጉባኤ ሊጠይቁ ይገባል።